ምዕራፍ ሰባት፦ የኳስ ዋጋና የኳስ ጠባይ

የቡና ቀማሽ፣ ናሙናው በፊቱ በቀረበለት ጊዜ፣ ቡናው ከወናጎ ይምጣ ከኮቸሬ፣ ባለቤቱም ብዙ መጋዘን ያለው ነጋዴ ይሁን ሁለት ጆንያ ብቻ የለቀመ ገበሬ፣ አያውቅም፤ ሊያውቅም አይገባውም። የተሰጠው የምሥጢር ቁጥር ብቻ ስለ ሆነ፣ በማንኪያው ቀድቶ፣ በአፉ ምጎ፣ በምላሱ ላይ ካንሸራሸረው በኋላ ተፍቶት የሚፈርደው ስለ ጣዕሙ እንጂ ስለ ስሙ አይደለም። ከ100 ነጥብ 60ው በስኒ ለሚቀመሰው፣ 40ው ለጥሬው ፍሬ መልክና ንጽሕና ይሰጣል። የጌዴኦ ሰው ኑሮው በዚህ ፍርድ ላይ የተንጠለጠለ ነውና፣ ስምና ባሕርይ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ከፍልስፍና መጽሐፍ ሳይሆን፣ ቡና ከሚሰጣበት አልጋ አጠገብ ቆሞ ተምሮታል።

ይህን የመሰለ ጥንቃቄ በለመደች ከተማ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በጌዴኦዋ ከተማ በዲላ፣ የሰፈር ልጆች ገንዘብ አዋጥተው ኳስ ሊገዙ ወደ ሱቅ በገቡ ጊዜ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ባለ ሱቁ ከጣሪያው ላይ በመረብ ካንጠለጠላቸው ኳሶች አንዲቱ ታዋቂ ምልክት የታተመባት፣ የምታብለጨልጭ፣ ዋጋዋም ከባልንጀራዋ ብዙ እጥፍ የሆነ ናት፤ ሁለተኛይቱ ስም የለሽ ናት። ከልጆቹ መካከል በሜትር ለክቶ፣ በሚዛን መዝኖ፣ በሲሚንቶው ላይ አንጥሮ የሚፈትን አይገኝም፤ ሁሉም ምልክቱን ያያሉ፤ ገንዘቡ ከበቃ በደስታ ውዲቱን፣ ካልበቃ አንገታቸውን ደፍተው ርካሺቱን ይዘው ይወጣሉ። ለቡና የምናደርገውን ምርመራ ለኳስ ብናደርግ፣ ስሟን ሸፍነን ጠባይዋን ብቻ ብንቀምስ፣ ውዲቱ ከርካሺቱ ይልቅ በእውነት ትሻላለችን? ብትሻልስ በየትኛው ግብሯ ነው?

ይህን ለመመለስ አስቀድሞ ኳስ ምን እንደ ሆነች ማወቅ ያስፈልጋል። ሁላችን መጀመሪያ ያወቅናት፣ አሮጌ ካልሲ በጨርቅ ተሞልቶ የሚሠራው የጨርቅ ኳስ፣ ሥጋ ብቻ ናት። ከእንሰት የሚፋቅ ቃጫ በሞላበት አገር ማሰሪያ አይቸግርምና፣ ጠብቃ ልትታሰር፣ ክብ ልትመስልም ትችላለች፤ ነገር ግን በመሬት ላይ ብትጥላት በወደቀችበት ትቀራለች፤ ነፍስ የላትም። ነፍስና ነፋስ በግዕዝ ከአንድ ግንድ የበቀሉ ቃላት እንደ ሆኑ የሚያውቅ ሰው፣ የኳስ ነፍስ በውስጧ የታፈነው ነፋስ ነው ቢባል አይገረምም። የሱቅ ኳስ እንግዲህ ሦስት ነገር አላት፦ ነፋሱን የሚይዘው ከመነዳሪ አለ፤ ቅርጿ እንዳይዛባ እንደ ጅማት የሚወጥራት፣ በሽፋኑ ጀርባ የተለበጠ የጨርቅ ድርብ አለ፤ ከላይም ከእግር ጋር የሚገናኘው ልብሷ አለ። ውድነትና ርካሽነት የሚለየው በእነዚህ በሦስቱ ነው፤ የታተመባት ምልክት ግን ከልብሱም በላይ ያለ ቀለም ነው።

በአውሮፓ አገር ከመነዳሪው በመጀመሪያ የአሳማ ፊኛ ነበረ፤ ቻርልስ ጉድየር የሚባለው አሜሪካዊ ጎማን በድኝና በእሳት አብስሎ የሚያጠነክርበትን ጥበብ እ.ኤ.አ. በ1844 በስሙ ካስመዘገበ በኋላ ግን ኳስ ከእንስሳ ሆድ ዕቃ ነጻ ወጣች። ልብሷ ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆዳ ሆኖ ቆየ። እኔ በልጅነቴ በተማርኩበት ትምህርት ቤት የነበረችው አንዲት የቆዳ ኳስ፣ በበጋ እንደ ወፍ የቀለለች፣ በክረምት ግን ውሃ ጠጥታ እንደ ድንጋይ የከበደች ነበረች፤ በእንዲህ ያለ ቀን በጭንቅላቱ የሚመታ ልጅ ከመካከላችን አይገኝም ነበር፤ ዘበኛው ማታ በምድጃ አጠገብ ሲያደርቃት ደግሞ ቆዳው ተኮማትሮ፣ በማግሥቱ ኳስ ሳይሆን ዱባ ሆና ትመለስልናለች። ያች ኳስ በጊዜዋ ውድ ነበረች። በዓለም ዋንጫ ሙሉ በሙሉ ሰው ሠራሽ በሆነ ቆዳ የተሰፋች ኳስ የገባችው እ.ኤ.አ. በ1986 በሜክሲኮ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በሱቆቻችን የተሰቀለችው ርካሽ ኳስ ሳትቀር፣ በውሃ ረገድ ከጥንቱ ውድ የቆዳ ኳስ ትሻላለች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ዛሬ የርካሺቱ ልብስ ብዙ ጊዜ ፒቪሲ የሚባለው ደረቅ ፕላስቲክ ነው፤ ከሥሩ ያለው ጨርቅ አንድ ወይም ሁለት ድርብ ነው። የውዲቱ ልብስ ፖሊዩሬቴን የተባለው ለስላሳ ነገር ሆኖ፣ ከሥሩ ስስ ስፖንጅና እስከ አራት የሚደርስ የጨርቅ ድርብ ይነጠፍለታል። ልዩነቱን ዓይን ሳያይ እግር ያውቀዋል፤ ፒቪሲ በባዶ እግር ሲመቱት እንደ ጥፊ ያቃጥላል፣ ፖሊዩሬቴን ግን የእግሩን ቅርጽ ለቅጽበት ተቀብሎ ይመልሳል። ስለዚህ ኳስን በደረት አቁሞ፣ በእግር አለስልሶ ማውረድ ለሚችል ተጫዋች ውዲቱ በእውነት ትመቻለች። ይህን መካድ አይገባም።

ከመነዳሪው ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በውዲቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገባው፣ ለንጥረቷና ለልስላሴዋ የተመረጠው ከመነዳሪ ላቴክስ የሚባለው የተፈጥሮ ጎማ ነው፤ እርሱ ግን ነፋስን አጥብቆ አይይዝም፤ በጥቂት ቀን ውስጥ ትንፋሿ ይጎድላል። በርካሾቹና በመካከለኞቹ ውስጥ የሚገባው ቡቲል የተባለው ጎማ ጥቂት ደረቅ ይላል እንጂ ነፋሱን ለሳምንታት ይጠብቃል። በየቀኑ ኳስ የሚነፋለት ሠራተኛ ላለው ትልቅ ክለብ ላቴክስ ጸጋ ነው፤ የኳስ መንፊያ መርፌ በሰፈሩ አንዲት ብቻ ሆና እርሷም ከቤት ወደ ቤት ለምትዞርበት የልጆች ቡድን ግን፣ ከፍ ያለ ዋጋ ከፍሎ ቶሎ የምትራብ ኳስ መግዛት ይሆናል።

የጨዋታው ሕግ ስለ ዋጋ አንዲት ቃል አይናገርም። ሁለተኛው አንቀጽ ለአዋቂ ጨዋታ የሚጠይቀው ዙሪያዋ ከ68 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቷ በጨዋታው መጀመሪያ ከ410 እስከ 450 ግራም፣ የውስጥ ግፊቷም በባሕር ጠለል ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር እንዲሆን ብቻ ነው። ይህ በር ሰፊ ነው፤ ብዙ ርካሽ ኳስ ያልፍበታል። ስለዚህ ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ለኳስ የፈተና ሥርዓት አቆመ፤ የላይኛውን ማዕረግ የምትሻ ኳስ ከሁለት ሜትር ከፍታ በብረት ሰሌዳ ላይ ስትጣል ከ135 እስከ 155 ሳንቲ ሜትር ልትነጥር፣ በውሃ ውስጥ 250 ጊዜ እየተጨመቀች ከክብደቷ ከአንድ አሥረኛ ያልበለጠ ውሃ ብቻ ልትቀበል፣ ለሦስት ቀን ተነፍታ ስትቀመጥ ከግፊቷ ከአንድ አምስተኛ በላይ ላታጣ፣ በመጨረሻም በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 2,000 ጊዜ ከብረት ጋር ተላትማ ቅርጿን ላታጣ ይገባታል።

አንባቢ ሆይ፣ ከእነዚህ ፈተናዎች የመጨረሻውን ልብ በል። ከመካከለኛው ዋጋ ጀምሮ ያሉት ኳሶች በንጥረት፣ በክብደት፣ በዙሪያ፣ በተገዙበት ቀን ቢመዘኑ እጅግ ይቀራረባሉ፤ ከርካሾቹም መካከል በዕድል ደኅና የወጣችው ከእነርሱ ጋር ትቆማለች። ልዩነቱ የሚገለጠው ከ2,000 ምት በኋላ ነው፤ አንዲቱ እንደ ተወለደች ክብ ሆና ስትገኝ፣ ሌላይቱ የጨርቅ ጅማቷ ላልቶ በአንድ ወገን አብጣለች፤ መሬት ለመሬት ስትሄድም እንደ ሰካራም ትወላገዳለች። እንግዲህ ከልብሷ ልስላሴ በቀር፣ ከፍ ያለው ዋጋ የሚገዛው የተሻለ ጨዋታን ሳይሆን ያንኑ ጨዋታ ለረጅም ጊዜ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱን በአካሄዳቸው የሚለይ ልጅ ጥቂት ነው፣ በሦስተኛው ወር ግን አያት እንኳ ከደጃፍ ሆነው ይለያሉ።

ነገር ግን ፈተናው የተደረገው በብረት ላይ እንጂ በዲላ መሬት ላይ አይደለም። የጌዴኦ ምድር ገደላማ ነው፤ ደልዳላው ስፍራ ሁሉ በእንሰት፣ በቡናና በጥላ ዛፍ ተሸፍኖ፣ ከላይ ወደ ታች እንደ ደረጃ የተደራረበ እርሻ ነው፤ ዩኔስኮም ይህን የሰው እጅና የደን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2023 በዓለም ቅርስ መዝገብ ጽፎታል። ቅርስነቱ ያስመሰግናል፤ ለኳስ ሜዳ ግን ብዙ ቦታ አላስተረፈም። ልጆች የሚጫወቱት በመንገድ ዳር፣ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በዝናብ ጊዜ እንደ ሳሙና በሚያሟልጨው፣ በደረቅ ጊዜ ደግሞ ጠጠሩ አፍጥጦ በሚወጣው ቀይ አፈር ላይ ነው። በዚህ መሬት ላይ ለስላሳው ፖሊዩሬቴን ቶሎ ይገሸለጣል፤ ያ የተናቀው ደረቁ ፒቪሲ ጠጠሩን ከእርሱ ይልቅ ይታገሠዋል።

ከዚህም ሌላ የጥገና ነገር አለ። በእጅ የተሰፋች ኳስ ስፌቷ በተከፈተ ጊዜ ሊስትሮው በወስፌና በሰም በተቀባ ክር ይሰፋታል፤ ከመነዳሪዋም ከተበሳ ጎሚስታ ቤት ሄዶ ተለጥፎ ይመለሳል፤ እንዲህ እየሆነች ሁለትና ሦስት ዓመት ትኖራለች። እ.ኤ.አ. ከ2006 የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የመጡት እጅግ ውድ ኳሶች ግን በክር የተሰፉ አይደሉም፤ ቁራጮቻቸው በሙቀት የተጣበቁ ናቸው። ይህ ውሃ እንዳይገባ ይከላከላል፤ ነገር ግን አንድ ጊዜ ከተላቀቀ ሊስትሮው እጁን አጣምሮ ከማየት በቀር የሚያደርገው የለም። ለአንድ ውድድር የተፈጠረችን ኳስ ለዓመታት ከሚሰፉት ጋር ማወዳደር፣ የሠርግ ልብስን ከሥራ ልብስ ጋር እንደ ማወዳደር ነው።

ኳስ የጨዋታን ፍርድ ትለውጣለችን ለሚል፣ የመጀመሪያው የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ1930 በሞንቴቪዴኦ አርጀንቲናና ኡራጓይ በማን ኳስ እንደሚጫወቱ መስማማት ስላቃታቸው፣ ፊተኛው አጋማሽ በአርጀንቲና ኳስ፣ ኋለኛው በኡራጓይ ኳስ ይሁን ተባለ፤ አርጀንቲና በራሷ ኳስ 2 ለ 1 መራች፣ ኡራጓይም በራሷ ኳስ ገልብጣ 4 ለ 2 አሸነፈች። ከአንድ ጨዋታ ትምህርት ማውጣት የዋህነት ነው፤ ሆኖም የለመዱት ኳስ ለባለቤቱ እንደሚያደላ የሚጠራጠር ተጫዋች አላጋጠመኝም።

ከዚህ የሚበልጠውን ትምህርት የሰጠን ግን የደቡብ አፍሪካው እ.ኤ.አ. የ2010 የዓለም ዋንጫ ነው። አዲዳስ የሠራት ጃቡላኒ የተባለችው ኳስ በስምንት ቁራጭ ብቻ የተጣበቀች፣ በፈተናውም ሁሉ ያለፈች፣ ከዚያ በፊት ከታዩት ሁሉ ይልቅ ክብ ናት የተባለላት ነበረች። የብራዚሉ በረኛ ጁሊዮ ሴዛር ግን ከሱፐርማርኬት ከሚገዙት ኳሶች ጋር አመሳሰላት፤ ማለትም የዓለምን ውድ ኳስ ርካሽ ኳስ ብሎ ሰደባት። ስድቡ የተቆጣ በረኛ ስድብ ብቻ አልነበረም። ኳስ በአየር ውስጥ ስትበር፣ አየሩ ገላዋን እየታከከ አልፎ ከኋላዋ ይለያል፤ የስፌቱ ቦይና እብጠት ያንን ስስ አየር ስለሚያውከው፣ የታወከው አየር ደግሞ ገላዋን ሳይለቅ ስለሚቆይ፣ ከኋላዋ የሚጎትታት ባዶነት ይጠብባል። ገላዋ እጅግ የለሰለሰ ኳስ ይህን ረድኤት የምታገኘው ፍጥነቷ ሲበዛ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጃቡላኒ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ የቅጣት ምት በሚመታበት ፍጥነት ላይ፣ በአንድ ወገን የታወከ፣ በሌላው ወገን ጸጥ ያለ አየር ይዛ ወዲያና ወዲህ ትንቀጠቀጥ ነበር። የመገጣጠሚያዋ ርዝመት በጠቅላላው ሁለት ሜትር ያህል ብቻ ነበረ፤ ከአራት ዓመት በኋላ የመጣችው ብራዙካ ቁራጮቿ ስድስት ብቻ ቢሆኑም መገጣጠሚያዋ ጠማማና ጥልቅ ሆኖ ከሦስት ሜትር በላይ ስለ ረዘመ፣ እርሷ ረጋ ብላ በረረች።

ሃያ ባለ ስድስት ማዕዘን፣ አሥራ ሁለት ባለ አምስት ማዕዘን፣ በድምሩ 32 ቁራጭ ያላት፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በሜክሲኮ የታወቀችው፣ በዲላ ሱቅም የምትሰቀለው የድሮው ዓይነት ኳስ፣ የስፌቷ ርዝመት አራት ሜትር ገደማ ነው። ታላላቆቹ ባለሙያዎች በብዙ ገንዘብ ሲሸሹት የነበረው ስፌት፣ ኳስን በአየር ላይ የሚያረጋጋ እርሱ ሆኖ ተገኘ። መቶ ሃምሳ ዶላር ያህል የተጠየቀበት ኳስና ሊስትሮው የሚሰፋው ኳስ በዚህ ነገር ቢከራከሩ፣ ፍርዱ ለሊስትሮው ነው።

ከዋጋ ይልቅ ኳስን የሚለውጥ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም ከፍታ ነው። ዲላ ከባሕር ጠለል 1,570 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለ ተቀመጠች አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር አንድ ስድስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ የአዲስ አበባው ሩብ ያህል ይሳሳል። በሳሳ አየር ውስጥ ኳስ ሩቅ ትሄዳለች፣ ነገር ግን ተጠምዝዛ ስትመታ እንደ ልብ አትታጠፍም። በዲላ በደንብ የተነፋችን ኳስ በመኪና ጭነው አንድ ሺህ ሜትር ያህል ወደ ቡሌ ደጋ ቢወጡ፣ ውስጧ ያለው ነፋስ ያው ሲሆን ከውጭ የሚጫናት አየር ስለሚቀንስ፣ ቅዝቃዜው ጥቂት ቢመልሳትም፣ ጠንክራ ትደርሳለች፤ የቡሌም ልጆች ድንጋይ አመጣችሁብን ቢሉ እውነታቸውን ነው። ይህ ለውጥ በሁለት ኳሶች መካከል ካለው የዋጋ ልዩነት ይልቅ በእግር ይሰማል፤ መድኃኒቱ ግን አንዲት መርፌ ናት፣ ጥቂት ማስተንፈስ ብቻ። ብዙዎች ርካሽ ነች ብለው የሚያማርሩባት ኳስ፣ ጥፋቷ ከልክ በላይ መነፋቷ ወይም መራቧ ነው።

ስለ ምንጫቸውም አንድ ቃል ልናገር። ፓኪስታን ውስጥ ሲያልኮት የምትባል ከተማ በእጅ ከሚሰፋው የዓለም ኳስ ትልቁን ክፍል ለብዙ ዘመን ስትሰፋ የኖረች ናት፤ የዓለም ዋንጫዋ ብራዙካም ከዚያ ወጥታለች፣ ስም የለሾቹም ይወጣሉ። በስፌቱ ሥራ የተሰማሩት ሕፃናት ስለ በዙ እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን ለማስቀረት የአሠሪዎቹና የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ስምምነት ተፈርሟል። የኳስ ዋጋ እጅግ ሲወርድ ጎዶሎውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ሊኖር እንደሚችል፣ ቡናውን በርካሽ ሲገዙት የኖረ የጌዴኦ ገበሬ ከማንም ይልቅ ይረዳዋል።

እንግዲህ ኳስ የሚገዛ ሰው ምን ያድርግ? ከልብስ ሰፊ ሜትር ይዋስ፤ ኳሷን በሦስት ወገን ዙሪያዋን ይለካት፤ ሦስቱም ልክ ከ68 እስከ 70 ውስጥ ሆነው እርስ በርሳቸው ከአንድ ሳንቲ ሜትር ካልበለጡ ክብ ናት። በሱቁ ሚዛን ላይ ያስቀምጣት፤ ከ410 ግራም በታች ከሆነች ነፋስ ይወስዳታል። በሁለት እጁ እያሾረ ወደ ላይ ይወርውራት፤ ስትሽከረከር የምትንገዋለል ከሆነች በአንድ ወገን ከብዳለችና ይተዋት። ከሁለት ሜትር ከፍታ በሲሚንቶ ላይ ይጣላት፤ ከአዋቂ ሰው ደረት በላይ፣ ከአገጩ ግን ብዙ ሳታልፍ ከነጠረች ደግ ነው። ስፌቷን በጥፍሩ ይፈልቅቅ፤ ክሩ የሚታይ ከሆነ ዝናብም ያየዋል። ለትንንሽ ልጆች የሚገዛ ከሆነም አምስት ቁጥርን ትቶ አራት ቁጥሯን፣ 350 ግራም ገደማ የምትመዝነውን ይውሰድ፤ ለሕፃን እግር የተመጠነች ርካሽ ኳስ ካልተመጠነች ውድ ኳስ ትበልጣለች። ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ አይፈጅም፤ ባለ ሱቁ ቢቆጣ፣ ቡናውን ሳያስቀምስ የሚሸጥ ሰው እንደሚጠረጠር ያስታውሰው።

የእኔ ፍርድ ይህ ነው፦ ከሁሉ የረከሰችውን ኳስ አትግዙ፤ ሁለት ወር ሳትሞላ እንቁላል ትሆናለችና ርካሽነቷ ሐሰት ነው። ከሁሉ የተወደደችውንም አትግዙ፤ በሴቶች ፕሪምየር ሊግ የተጫወተው ጌዴኦ ዲላ ለውድድር ቢፈልጋት ይገባዋል፣ የሰፈር ቡድን ግን የሚከፍለው ለምልክቷ ነው። በአንዲቱ ውድ ኳስ ገንዘብ መካከለኛ ዋጋ ያላቸውን፣ በእጅ የተሰፉትን፣ ባለ 32 ቁራጮቹን ሁለት ወይም ሦስት ግዙ፤ በተረፈው መንፊያና አራት መርፌ ግዙ፤ መርፌዎቹንም ለአንድ ልጅ አትስጡ፣ ይጠፋሉና።